የታደሰ ቆንጆ በር

ለመሆኑ ሰፈር ማሳመር ነፍሱ የሆነ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኛ ቀጨኔ ሰፈር ውስጥ ታደሰ የሚባል ጎረቤት አለን። ሌባ እንዳይገባ ብሎ መንደራችን መግቢያ ላይ አበባ የተሳለበት፣ አንድ ሰው ብቻ የሚያሳልፍ ጠባብ የብረት በር ገጠመ። እኛም አጨበጨብን፤ እውነትም ያምር ነበር።

አንድ ጠዋት ጎረቤታችን እትዬ አሰለፈች በጠና ታመሙና ከታደሰ ጋር ሆነን በቃሬዛ ተሸክመን ወደ አምቡላንሱ ስንጣደፍ በሩ ጋ ቀረን። ቃሬዛው አላልፍ አለ። እትዬ አሰለፈች ከብርድ ልብሱ ውስጥ ቀና ብለው፣ «ታደሰ ልጄ፣ ሌባዋ እኔ ሆንኩ እንዴ?» አሉት።

ታደሰ ዲጅኖ አምጥቶ በሩን ከነመቃኑ ራሱ ነቀለው።

ሰፈር ማሳመር መጥፎ ነው ያልኩ እንዳይመስላችሁ። በሩ ዛሬም አጥር ተደግፎ ቆሟል፤ እትዬ አሰለፈችም ድነው ጠዋት ጠዋት እሱን ተደግፈው ፀሐይ ይሞቃሉ።