ሊቀመንበሩ የተገለበጡበት ክፍለ ጊዜ

ደስ የሚል ነገር ያየ ሰው ብቻውን አይቶ አይጠግብም። ጎረቤቱን እጁን ይዞ ካልጎተተ፣ "ኧረ ናማ እይ!" ካላለ፣ ያየው ያየው አይመስለውም። መምህር ደግሞ ይህ ነገር በሽታው ነው፤ ጎረቤቶቹም ስልሳ ናቸው።

በደርግ ጊዜ ሐይቅ ከተማ ፊዚክስ አስተምር ነበር። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ፣ ማስረዳቱ በአማርኛ። ቤተ ሙከራችን ቁልፉ የጠፋ አንድ ቁም ሳጥን ነበር፤ ደግነቱ ውስጡም ምንም የለ።

አንድ ቀን ደሴ ካለ ጓደኛዬ በተዋስኩት አሮጌ መጽሔት ላይ ዕቃ የማይጠይቅ ሙከራ አገኘሁ። ክፍሉን አጨልም፤ መስኮቱን በትንሹ ብሳ፤ ውጭ ያለው ሁሉ ግድግዳ ላይ ይመጣል። ከዚህ የረከሰ ሲኒማ የት ይገኛል? ተማሪዎቼ ብርድ ልብስና ጋቢ አምጥተው ብርሃን የሚያስገባውን ሁሉ ደፈኑ። እኔ የቆርቆሮውን መስኮት በምስማር በሳሁ። ዘይነባ የምትባል ተማሪዬ ነጠላዋን ግድግዳው ላይ ወጠረችልን።

ዓይናችን ጨለማውን እስኪለምድ ተቀመጥን። ከዚያ ቀስ እያለ መጣ፤ ሐይቁ ከላይ፣ ሰማዩ ከታች፣ ባሕር ዛፎቹ በአናታቸው ቆመው። ስልሳ ልጅ ትንፋሹን ዋጠ። እኔም፣ ምን እዋሻለሁ፣ እንባዬ መጣ። ስንት ዓመት በጠመኔ ስሥለው የኖርኩት ብርሃን፣ ያን ቀን ራሱ ሣለልኝ።

ታዲያ ይሄኔ የቀበሌው ሊቀመንበር በግቢው ውስጥ አያልፉ መሰላችሁ? ኮፍያቸውን ቁልቁል፣ ጫማቸውን ሽቅብ አድርገው ነጠላው ላይ ተንጎራደዱ። ክፍሉ በአንድ ድምፅ ጮኸ፤ "ሊቀመንበሩ ተገለበጡ!"

መጽሐፉ እኮ "ኢንቨርትድ" ነው የሚለው! ምናለ በእንግሊዝኛው ቢጮኹ?

በሩ ተበርግዶ አብዮት ጠባቂው ጋሽ ይመር ጠመንጃቸውን ደግነው ገቡ። ብርሃኑ አብሯቸው ገባና ሥዕሉ ጠፋ። ጨለማ ክፍል፣ የተደፈነ መስኮት፣ ስልሳ ወጣት፣ የግልበጣ ጩኸት። በዚያ ዘመን ከዚህ ባነሰ ስንቱ ሄዶ ቀርቷል።

ዘይነባ ተነሳች። "ወላሂ ምንም የለም ጋሽ ይመር። በሩን ይዝጉትና አንዴ ብቻ ይዩት" አለቻቸው። ከሕፃንነቷ የሚያውቋት የሰፈራቸው ልጅ ናት፤ አመነቱና ዘጉት። ጥቂት ቆይቶ በጨለማው ውስጥ "ሱብሃነላህ!" ሲሉ ሰማን። ግቢው ውስጥ ያሰሯትን ላማቸውን አይተዋል። ጠመንጃው ወረደ።

"ወተቷ አይፈስም?" ብለው ጠየቁኝ፣ ከልባቸው።

ጩኸቱን የሰሙት ሊቀመንበርም ደረሱ። ማነው የሚገለብጠኝ ብለው ሲያፈጡ፣ ጋሽ ይመር ቀደሙኝ። "ጓድ፣ ላሜም ተገልብጣለች። እሷ ምን ፖለቲካ ታውቃለች? ይግቡና ይዩ።"

ገቡ፤ አዩ፤ ብዙ ቆሙ። በኋላ ድምፃቸውን ለስለስ አድርገው ምክንያቱን ጠየቁኝ። ብርሃን ቀጥ ብሎ ስለሚጓዝ፣ ከላይ የተነሳው በቀዳዳዋ አልፎ ታች፣ ከታች የተነሳውም ላይ እንደሚያርፍ አስረዳኋቸው። እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ግን አፌ መቼ ያርፋል? የሰው ዓይንም እንደዚሁ ነው አልኩ፤ ሁላችንም እርስዎን ገልብጠን ነው የምናይዎት፣ የሚያቃናዎት አንጎላችን ነው።

ሊቀመንበሩ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉና፣

"መምህር፣ ይህቺን ለሰፊው ሕዝብ እንዳትነግር" አሉኝ።