የእስር ቤቱ የውሃ ተራ

እስረኛ በይቅርታ ሲፈታ እናንተ የምትጠይቁት «ስንት ሰው ወጣ?» ብላችሁ ነው። እኛ የሸዋ ሮቢት ሰዎች ግን ከእስር ቤት ጋር ጎረቤት ሆነን ስለኖርን ጥያቄያችን ሌላ ነው፤ «ምን ተረፈ?» እንላለን። ሰው ሲቀንስ እኮ ብዙ ነገር ይተርፋል። ዱቄቱ ይተርፋል፣ ማገዶው ይተርፋል፣ አልጋው ይተርፋል። ትርፍ ነገር ደግሞ በአገራችን ባለቤት አያጣም። ባለቤት አጥቶ አውቶቡስ ተራ የሚቀረው የተፈታው ሰውዬ ብቻ ነው።

ሞባይል ገና ብርቅ በነበረበት ዘመን፣ አንድ ዓመት ለእንቁጣጣሽ ብዙ እስረኛ ተፈታና በእኛ ሰፈር የተረፈው ውሃ ሆነ። እስር ቤቱ ከማሳችን አጠገብ የሽንኩርት እርሻ ነበረው፤ እንደ ማንኛችንም ከሮቢ ወንዝ በተጠለፈው ቦይ ተራ ይዞ ያጠጣል። እስረኛው ሲቀንስ ግማሹ እርሻ ጦም አደረ፤ የውሃ ተራውም ትርፍ ሆነ። በቆላ ፀሐይ ትርፍ ውሃ ምን ማለት እንደሆነ፣ ከጣርማ በር ወዲያ ደጋ ላይ ጋቢ ተከናንቦ ለሚኖር ሰው ማስረዳት ይቸግረኛል። ብቻ ሁላችንም በአንድ ሌሊት ለአገር አሳቢ ሆንን። ውሃው ለእሱ ቢሰጥ ሕዝብ እንደሚጠቀም ያልተናገረ አልነበረም። እኔም ተናግሬያለሁ።

የውሃ አባታችን ሼህ ይማም ነበሩ፤ ተራ የሚያወጡልን፣ ስንጣላም የሚዳኙን እሳቸው ናቸው። ከእስር ቤቱ ኃላፊዎችና ከቀበሌው ጋር ተነጋግረው መጡና ሰበሰቡን።

«መሬቱም ውሃውም የእነዚህ የተፈቱት ልጆች ድርሻ ነበር» አሉ። «እነሱ ሲወጡ ድርሻቸው ለምን ታስሮ ይቀራል? ተከትሏቸው ይውጣ። መሄጃ ያጡት ያልሙበት። አለዚያ ወላሂ ዞረው እዚያው ይገባሉ፤ እናንተም ትሰረቃላችሁ፣ እነሱም ይታሰራሉ።»

መሄጃ ካጡት አንዱ ደምሴ ነበር። ደምሴን በደንብ አውቀዋለሁ፤ ቦራ በሬዬን ሰርቆ አጣዬ ገበያ የሸጠብኝ እሱ ነው። ታስሮ ሳለ እናቱ ሞተች፣ ጎጆዋም ፈረሰ፤ ሲፈታ ዕቃ እየተሸከመ እዚያው አውቶቡስ ተራ ማደር ጀመረ። አብሮት የወጣው ጓደኛው ጥምቀት እንኳ ሳይደርስ በስርቆት ተመልሶ ገብቷል። ይህን ሁሉ እያወቅኩ ተነሣሁና «እሺ፣ ግን አንዲት ጥፋት የተገኘችበት ቀን ውሃውንም መሬቱንም ይነጠቅ!» አልኩ። ተጨበጨበልኝ። ሼህ ይማም ትክ ብለው አዩኝና «ይሁን» አሉ። ምን ላድርግ፣ በሬዬ ትዝ ብሎኝ ነው።

ደምሴ ማሳው ላይ ዳስ ጥሎ ሥራውን ጀመረ። እኔ ደግሞ ድንበሩ ላይ ቆሜ ጥፋት ስፈልግለት እውላለሁ። ሽንኩርቱ ያምር ነበር፤ ይሄ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ።

መጋቢት ላይ ባለቤቴ አስካለ ታመመችና ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ይዣት ወጣሁ። እዚያ ስንቆይ የውሃ ተራዬ አለፈ። በመጋቢት ሙቀት ተራ ያለፈው ሽንኩርት ጭድ ነው የሚሆነው። ደግነቱ አስካለ ተሻላትና ተመለስን፤ እሷን ቤት አሳርፌ የሞተ ሽንኩርቴን ለማየት ወደ ማሳዬ ሄድኩ። ማሳዬ ርሷል! ከደምሴ ማሳ ወደ እኔ አንዲት ቀጭን ቦይ ተቀድዳለች፤ ጭቃዋ ገና አልደረቀም። የእሱ ሽንኩርት ግን ጫፍ ጫፉ ቢጫ ሆኗል። የራሱን ተራ ለእኔ አጠጥቶታል። እዚያው ድንበሩ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

በማግሥቱ ጠዋት ተጠራን። የውሃ አባቱ ሳይፈቅዱ ውሃ ለሌላ ማሳ ማሳለፍ በእኛ ደንብ ጥፋት ነው፤ ቦይዋን ያየ ጎረቤት ደምሴን ከሶታል። እንግዲህ ያቺ እኔ ስፈልጋት የከረምኩት ጥፋት ተገኘች። ደምሴ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል።

«እኔ ነኝ ያስከፈትኩት፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኩ።

«አንተ ደብረ ብርሃን አልነበርክም እንዴ?» አሉኝ ሼህ ይማም።

«ከዚያ ሆኜ በሞባይል ደውዬለት ነው።»

«ደምሴ ሞባይል አለው?»

ደምሴ ሞባይል የለውም። እውነቱን ለመናገር እኔም አልነበረኝም።

ሼህ ይማም ጢማቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉና ኮስተር ብለው ፈረዱ፤ ደምሴ ነጻ ነው፣ እኔ ግን የዋናውን ቦይ ደለል ብቻዬን እጠርጋለሁ። «አላህ ያርምህ» አሉኝ። ዓይናቸው ይስቅ ነበር።

እንዲህ ሆኖ፣ ወዳጆቼ፣ በዚህ ዕድሜዬ ፍርደኛ ሆንኩ። አካፋዬን ተሸክሜ ስደርስ ደምሴ ቀድሞኝ ቦዩ ውስጥ ገብቶ ደለሉን ይዝቃል። «ብቻህን ጥረግ ነው የተባልኩት» ብለውም እንዳልሰማ ሆነ። ለምን ማሳዬን እንዳጠጣልኝ ጠየቅኩት።

«በሬውን መመለስ አልቻልኩማ» አለ፣ ቀና ሳይል።

ጎንበስ ብዬ መዛቅ ጀመርኩ። ጥቂት ቆይቼ ወገቤን ይዤ ቀና ስል አየኝና ፈገግ አለ።

«አይዞዎት ጋሼ» አለኝ፣ «የሚከብደው የመጀመሪያው ቀን ነው።»