ቺካጎና ኒው ዮርክ የአቶ ደሳለኝን ልጅ ሲጠይቁ

ሰው ሁሉ ሐኪም የሆነበት ከተማ አለ። ራሴን አመመኝ ብላችሁ አፋችሁን ሳትዘጉ ሦስት ዓይነት ቅጠል ይታዘዝላችኋል። አሰላ ግን ሰው ሁሉ አሠልጣኝ ነው። ጸጉር አስተካካዩ አሠልጣኝ ነው፣ የጎሚስታው ባለቤት አሠልጣኝ ነው፣ ከሚኒባስ ኋላ ካልሆነ በቀር በሕይወቱ ሮጦ የማያውቀው የማዘጋጃ ቤት ጸሐፊም አሠልጣኝ ነው። ማለዳ በአስፋልቱ ዳር ቱታ የለበሰ ወጣት ሲያልፍ ዳቦ ሊገዛ የወጣ ሽማግሌ ቆም ብሎ «ትከሻህን ልቀቀው!» ይለዋል። ልጁም ትከሻውን ይለቃል። ደግሞ ሽማግሌው ትክክል ነው፤ የሚያናድደውም ይሄ ነው።

እኔ የሒሳብ መምህር ነኝ። ከጎጃም ተመድቤ ለሦስት ዓመት ብዬ መጣሁ፤ ይኸው ሃያ ሁለተኛ ዓመቴን ያዝሁ። አዲስ አበባ ስሄድ «ከየት መጣህ?» ሲሉኝ «ከአሰላ» እላለሁ። መጀመሪያ እግሬን ያያሉ። ቀጥለው ሆዴን ያያሉ። ከዚያ ወሬ ይቀይራሉ። ቢሆንም እግሬን የሚያዩባት ያቺ አፍታ፣ ምን ልዋሻችሁ፣ ደስ ትለኛለች። ያልሮጥኩትን ሩጫ እኮራበታለሁ። እናንተስ ባላረሳችሁት ማሳ አትኮሩም?

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ጎረቤቴ አቶ ደሳለኝ የእህል ነጋዴ ነው። ሴት ልጁ ሙሉነሽ ሯጭ ናት፤ ማራቶን። ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ባለፈው ዓመት ጉልበቷን አሟት ስምንት ወር ቁጭ ብላ ከርማለች፤ ያን ጊዜ የከተማው አሠልጣኝ ሁሉ «አለቀላት» ብሎ ፈርዶባት ነበር። እሷ ግን ቀስ ብላ ተነሣች፣ ቀስ ብላ ሮጠች፣ በኋላም ቀስ ማለቷን ተወችው። ክረምቱ ሳይገባ በአንድ ሳምንት ልዩነት ሁለት የግብዣ ደብዳቤ ከአሜሪካ መጣላት። አንዱ ከቺካጎ፣ አንዱ ከኒው ዮርክ። የሁለቱ ከተሞች ሩጫ በጥቂት ሳምንት ልዩነት ነው። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም፤ ማራቶን ደግሞ የተሮጠበትን እግር ለወራት መልሶ አይሰጥም። ስለዚህ አንዱን መምረጥ አለባት። እንዲህ ያለ ግብዣ ሲደርሳት የመጀመሪያዋ ነው፤ ይህን ካበላሸችው ሁለተኛ እንደማይመጣ እሷም አባቷም አውቀውታል።

ወሬው በግማሽ ቀን ከተማውን አዳረሰው። ጸጉር አስተካካዩ «ቺካጎ!» አለ፤ «ቺካጎ ሜዳ ነው፣ ልክ እንደ ኢተያ የስንዴ ማሳ፣ ውልፍት የለውም።» የሳጉሬ መስመር ሚኒባስ ሹፌር ደግሞ «ኒው ዮርክ!» አለ፤ «ድልድይ ላይ መውጣት አለው፣ ድልድይ ማለት ዳገት ነው፣ ዳገት ማለት እኛ ነን።» ሁለቱም አሜሪካን አላዩም። ሁለቱም ናዝሬትን ካለፉ ይሞቃቸዋል። ክርክሩ ግን ስለ ተወለዱበት ሰፈር ነው የሚመስለው። ተማሪዎቼ ሳይቀሩ በሁለት ተከፍለው የፈተና ወረቀት ጀርባ ላይ «ቺካጎ 14፣ ኒው ዮርክ 11» ብለው ድምፅ ሰብስበው አገኘሁ። ነጥብ ቀነስኩባቸው፤ ድምሩ ክፍሉን አይሞላም፣ ዘጠኝ ልጅ ድምፅ አልሰጠም ነበር።

ሙሉነሽን የጠየቃት ሰው ግን የለም። እኔም አልጠየቅኋት፤ ኋላ ሲገባኝ አፈርኩ።

አቶ ደሳለኝ ጨነቀው። ሲጨንቀው የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፤ ሽማግሌ ይጠራል። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሳሎኑ ውስጥ አምስት ሽማግሌዎች ተቀመጡ። አውራው ከሳጉሬ የመጡት ኦቦ ቱፋ ናቸው፤ ስንት የተጣላ ያስታረቁ፣ ስንት ልጅ የዳሩ። እኔ ደብዳቤዎቹን ወደ አማርኛ እንድመልስ ተጠራሁ። የገብስ ቆሎ ቀርቦ ገና አንድ ጊዜ ሳንዘግን ኦቦ ቱፋ ከዘራቸውን ወለሉ ላይ አቆሙና የመጀመሪያውን ጥያቄ ጠየቁ።

«ኤኙቱ ዱራ ዱፌ? ማነው ቀድሞ የመጣው?»

«ቺካጎ» አልኩ። «በሳምንት ይቀድማል።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። እነዚህ ሰዎች ስለ ሩጫ ሊመክሩ አልተቀመጡም። በቤቱ ለጋብቻ የደረሰች ልጅ አለች፣ ሁለት ወገን ጠይቋል፤ እንዲህ ያለውን ነገር ደግሞ ከአባቶቻቸው ጀምሮ ያውቁታል። ቀድሞ ሽማግሌ የላከው መልስ ሳይሰጠው የሁለተኛው ነገር አይሰማም። ነውር ነው።

«በል አንብበው፣ መምህር» አሉኝ። «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል።»

አነበብኩ። ቺካጎ «ብትመጪልን ክብር ይሰማናል፤ ጉልበትሽ እንደተሻለሽ ሰምተን ደስ ብሎናል» ይላል። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። የታመመ የሚጠይቅ ጨዋ ነው። ኒው ዮርክ ደግሞ «እስከ ዓርብ አሳውቂን» ይላል።

«እስከ ዓርብ?» አሉ ኦቦ ቱፋ። «ልጅ ሊወስድ ነው ወይስ ጤፍ ሊጭን? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።»

በአሥር ደቂቃ ውስጥ ቺካጎ አሸነፈ። ስለ ዳገትና ስለ ሜዳ አንድ ቃል አልተነገረም። አቶ ደሳለኝ እፎይ አለ። የቀረው ወጉን መፈጸም ነው፤ ልጅቷ ትጠራለች፣ ፈቅደሻል ወይ ትባላለች፣ አንገቷን ደፍታ ዝም ትላለች፣ ዝምታዋ እሺታ ይሆናል፣ ይመረቃል።

ሙሉነሽ ከጓዳ መጣች። በሁለት እጇ ሁሉንም በተራ ጨበጠች። ኦቦ ቱፋ «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ አባቶችሽ ለቺካጎ ብለናል። ፈቅደሻል?» አሏት።

አንገቷን ደፋች። ዝም አለች። አቶ ደሳለኝ ለምርቃቱ ሊነሣ እጁን ወንበሩ ላይ አስደገፈ። ከዚያ ሙሉነሽ ቀና አለች።

«አባቶቼ፣ አልፈቀድኩም» አለች።

እኔ ቆሎ አፌ ውስጥ እንዳለ ማኘክ አቆምኩ።

«ቺካጎ ጥሩ ሰዎች ናቸው፣ አላማኋቸውም። ግን ሜዳ ነው። ሜዳ ላይ የሚቀድሙኝን ሴቶች በየስማቸው ነው የማውቃቸው። ዳገት ላይ ስሆን ግን የሚቀድመኝን ገና አላየሁም። ስምንት ወር ስተኛ ሁሉም አለቀላት አለ፤ ጉልበቴን መልሼ ያገኘሁት ወደ ጭላሎ ተራራ በሚወጣው መንገድ ላይ ነው፣ መጀመሪያ በእግሬ እየሄድኩ፣ ከዚያ እየሮጥኩ። ስንት ሩጫ እንደቀረኝ አላውቅም። አንድ ከሆነ የሚቀረኝ፣ በማውቀው መሬት ልሩጠው። ኒው ዮርክ ነው የምሄደው፣ እናንተ ከመረቃችሁኝ።»

ያቺን ልጅ ሒሳብ አስተምሬያታለሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ ከኋላ ወንበር ተቀምጣ አንድ ቀን እጇን አላወጣችም። እንዲህ ዓይነት ማስረጃ ከአንድም ተማሪዬ ሰምቼ አላውቅም። ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ቆሎው ያነቀኝ አስመሰልኩ።

 አቶ ደሳለኝ ላብ አጠመቀው። ኦቦ ቱፋ ልጅቷን ረጅም ጊዜ አዩአት፤ በመጨረሻ «ቶሌ፣ መልካም» አሉ። «ልጅ ያለ ልቧ አትሰጥም። ቀድሞ የጠየቀው ግን በክብር ይሸኛል። መምህር፣ ወረቀት አውጣ።»

እንዲህ ሆኖ ነው የአርሲ ሽማግሌዎች ለቺካጎ የይቅርታ ደብዳቤ የጻፉት። ቃሉ የኦቦ ቱፋ፣ እንግሊዝኛው የእኔ ነው። «ቀድማችሁ ስለመጣችሁ አክብረናችኋል። ልጃችን እንከን አላገኘችባችሁም፤ ልቧ ግን ዳገት ላይ ነው። በአገራችን ቀድሞ የጠየቀን ሰው መልስ ሳይሰጡ ማለፍ ነውር ስለሆነ ይቅርታ ልንጠይቃችሁ ይህን ጻፍን። ሩጫችሁን ፈጣሪ ይባርከው።» ሦስቱ ፈረሙ፣ ሁለቱ አውራ ጣታቸውን በቀለም ነክረው አሳረፉ። በስልክ ፎቶ አንስተን ለማናጀሯ ላክንለት፤ እሱ ፈረንጅ ነው፣ ያለው እዚያው ማዶ ነው። ወዲያው መለሰ። እንዲህ ያለ ደብዳቤ አይላክም፣ አልመጣም ማለት ብቻ ይበቃል አለ።

ኦቦ ቱፋ ተተርጉሞላቸው ሰሙ። «እሱ ስንት ልጅ ድሯል?» አሉ።

ተላከ።

በሳምንቱ ከቺካጎ መልስ መጣ፤ ሦስት መስመር። «ብዙ ሯጮች እምቢ ብለውናል፣ ብዙዎቹም ዝም ብለውን ቀርተዋል። ይቅርታ የጠየቀን ግን አልነበረም። ለልጃችሁ መልካም ዳገት እንመኛለን።» ሳጉሬ ድረስ ሄጄ ለኦቦ ቱፋ አነበብኩላቸው። «ያሳደጋቸው አለ» አሉ፣ ትንሽም የቆጫቸው መሰለኝ።

የሩጫው እሑድ አመሻሽ ላይ በአቶ ደሳለኝ ሳሎን መተንፈሻ አልነበረም። ከቴሌቪዥኑ ይልቅ የከተማው አሠልጣኝ ሁሉ ይጮሃል። ሙሉነሽ እስከ አጋማሹ ከመሪዎቹ ጋር ነበረች፤ ከዚያ ሜዳው ላይ ጥለዋት ሄዱ፤ ዘጠነኛ ሆነች፤ ጸጉር አስተካካዩ «ብያለሁ» ማለት ጀመረ። መጨረሻው ላይ መንገዱ ወደ ላይ አለ። ወደ ላይ ሲል እሷ አንድ በአንድ ትለቅማቸው ጀመር። አምስት ሴት አለፈች። አራተኛ ወጣች። አንደኛ ወጣች ብዬ ባሳምረው ደስ ባለኝ፤ ግን የአርሲ ሰው ሰዓት ይዞ ነው ያየው። አቶ ደሳለኝ ቴሌቪዥኑን አቅፎ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ፤ የዚያን ቀን ቆሎ አልነበረም።

በማግስቱ ስትደውል ቤቱ እንደገና ሞላ። አባቷ ስልኩን ሁሉም እንዲሰማ አደረገና ሳምንታት ሙሉ ከተማው የተከፈለበትን ነገር ጠየቃት።

«ልጄ፣ ኒው ዮርክ እንዴት ያለ አገር ነው?»

«እኔ እንጃ አባዬ፣ አስፋልቱን ነው ያየሁት።»

«እሺ ዳገቱስ? ዳገቱ እንዴት ነው?»

መስመሩ ዝም አለ። የተቋረጠ መስሎን ሁላችንም ወደ ስልኩ ጎንበስ አልን። ሙሉነሽ ግን ሰው እንዳይሰማባት ድምጿን ዝቅ እያደረገች ነበር።

«አባዬ፣ አስተናግደውኝ ማማት እንዳይሆንብኝ እንጂ… ዳገት እኮ የላቸውም።»