መርከቡ በሦስት፣ ቀብሩ በአራት

የፔቲ ሳሊን ደሴት የመርከብ እንግዶች ተቀባይ ኮሚቴ ሐሙስ ጥር 9 ቀን ከጠዋቱ 12፡30 በጀልባ ማረፊያው፣ በዓሣ መመዘኛው ጥላ ሥር ተሰብስቧል።

የተገኙ፦
አቶ ኤርባን ባፕቲስት፣ ሰብሳቢ
ወ/ሮ ዛንድራ ኮምፕተን፣ የቅርጫትና የዛጎል ሻጮች ተወካይ
አቶ ሌስሮይ ፖምፒ፣ የባንዱ መሪ
ቨርና ጋስኮን፣ ጸሐፊ

ያልተገኙ፦
አቶ ሄዝካያ ስናግ፣ የጀልባ ነጂዎች ተወካይ (ሰኞ ዕለት ሞተዋል፤ ፈቃድ አልጠየቁም)

ምልዓተ ጉባኤ፦ በደንቡ መሠረት አምስቱም አባላት ካልተሟሉ መወሰን አይቻልም። ደንቡን ያረቀቁት ሟቹ ናቸው። ከብዙ ውይይት በኋላ ባለቤታቸው ወ/ሮ ዩፌሚያ በወንበራቸው ይቀመጡ ተባለ። ወ/ሮ ዩፌሚያ ለቀብሩ ባንዱን ሊጠይቁ መጥተው ስለነበር ተይዘው ቀሩ።

አጀንዳ 1፦ የቀብሩ ሰዓት
ወ/ሮ ዩፌሚያ ቀብሩ በአራት ሰዓት መሆኑን፣ ቄሱ በጠዋቱ የፖስታ ጀልባ መጥተው በስምንት ሰዓት እንደሚመለሱ፣ ጀልባ ነጂ ደግሞ ያለ ባንድ ተቀብሮ እንደማያውቅ አስረዱ። ሰብሳቢው መርከቡ በሦስት ሰዓት እንደሚደርስ፣ ደሴቱ ያለው አንድ ባንድና አንድ መንገድ እንደሆነ ገለጹ። ወ/ሮ ዛንድራ፣ «እትዬ ዩፊ፣ የሞተ ተጎዳ። እኛ ደግሞ እንግዳ አለብን» አሉ። ወ/ሮ ዩፌሚያ፣ «ያንቺን እንግዶች ሠላሳ አንድ ዓመት በጀልባው ያመላለሰልሽ ማን ሆነና?» ሲሉ መለሱ። ጥያቄው ከአጀንዳ ውጭ ነው ተብሎ ታለፈ።

ቀብሩ መርከቡ ከሄደ በኋላ በአሥራ አንድ ሰዓት እንዲሆን፣ ቄሱም ሲመለሱ ከጀልባው ላይ ሆነው በእጃቸው ወደ መቃብሩ እንዲባርኩ በአራት ድምፅ ተወስኗል። ጸሐፊዋም እጇን አውጥታለች፤ አሁን ስትጽፈው ታፍራለች።

አጀንዳ 2፦ በረዶ
በደሴቱ ያለው በረዶ በሙሉ በዓሣ መጋዘኑ፣ በሟቹ ዙሪያ ይገኛል። ወ/ሮ ዛንድራ እንግዳ ሞቃት የኮኮናት ውኃ እንደማይጠጣ ጠቅሰው፣ ከእግራቸው በኩል ያለው ቢወሰድ ሟቹን እንደማይጎዳ አስረዱ። አቶ ሌስሮይ፣ «እኔ እንደሆነ ጠብታም አልቀምስ» ብለዋል። በረዶው ታጥቦ እንዲቀርብና እንግዶች ካልጠየቁ እንዳይነገራቸው ተወስኗል።

አጀንዳ 3፦ ለቅሶ
ሰብሳቢው ሐዘንተኞች ጥቁር ትተው አበባ ያለበት ልብስ እንዲለብሱ፣ ማልቀስ ግድ የሆነበትም ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ እንዲያለቅስ ሐሳብ አቀረቡ። ወ/ሮ ዛንድራ አክለው፣ እንግዳ ድንገት ለቅሶ ቢያይ የአገር ባህል ትርኢት ነው እንዲባል ጠየቁ።
ወ/ሮ ዩፌሚያ፣ «ታዲያ አያጨበጭቡም?» አሉ።
ሰብሳቢው ቢያጨበጭቡ ክፋቱ እንዳልታያቸው ገለጹ።
ወ/ሮ ዩፌሚያ፣ «ኤርባን፣ አንተ እንደው ከልጅነትህም አይታይህም» አሉ። ሰብሳቢው ቃሉ እንዲሰረዝ አዘዋል። አልተሰረዘም።

ሐሳቡ ለድምፅ ሲቀርብ ወ/ሮ ዩፌሚያ ተነሥተው ቀሚሳቸውን አራገፉና ወደ ጸሐፊዋ ዞሩ። «ቨርናዬ፣ ያስቀመጣችሁኝ በሄዝካያ ቦታ አይደል? እንግዲያው ጻፊልኝ። አቶ ሄዝካያ በአራት ሰዓት ቀብር ስላለበት ስብሰባውን መቀጠል አልቻለም።»

ሰብሳቢው እንዲቀመጡ ሦስት ጊዜ ጠየቁ። ወ/ሮ ዩፌሚያ በዚያው ባለው አንድ መንገድ ወጥተው ሄዱ። ከዚያ አቶ ሌስሮይ ከበሮአቸውን ከጥላው ሥር አንሥተው፣ ፈቃድ ሳይጠይቁ፣ ተከተሏቸው። ወ/ሮ ዛንድራ ጥቁር ሻርፕ ያለው ሰው እንዳለ ጸሐፊዋን ጠየቁ።

ልዩ ልዩ፦ በአጀንዳ 1 እና 2 የተወሰነው በሙሉ ተሽሯል፤ የአጀንዳ 3 ሐሳብም ቀርቷል። ቀብሩ በአራት ሰዓት፣ በባንድ፣ በቄስ፣ በጥቁር ይሆናል። በረዶው ባለበት ይቆያል። ከመርከቡ የወረደ እንግዳ መከተል ከፈለገ ኮፍያውን አውልቆ ከኋላ ይከተል። ይህን ለመወሰን ምልዓተ ጉባኤ አልነበረም፤ ያነሣውም የለም።

ስብሰባው 1፡40 ላይ አብቅቷል። ሰብሳቢው አልፈረሙም፤ ሬሳ ሣጥኑን ከሚሸከሙት አንዱ እሳቸው ስለሆኑ ቀድመው ሄደዋል።