ፊት የሚገዙ ክሬሞች

ይህን የምነግራችሁን ባታምኑ መብታችሁ ነው፤ እኔ ግን አንዲት ነገር አልጨመርኩበትም። ሰባተኛ ክፍልን ሦስት ጊዜ የተማርኩ ሰው ነኝ፤ አንድ ጊዜ ተምሮ ካለፈው ሰው ሦስት እጥፍ አውቃለሁ። መዋሸት ምን ያደርግልኛል? ትናንት ማታ ሕልም አየሁ።

መጀመሪያ ግን ሥራዬን ልንገራችሁ። ደሴ፣ መናኸሪያው አጠገብ የመዋቢያ ዕቃዎች ሱቅ አለኝ። ሱቅ ስላችሁ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ ቆሞ የሚያወራባት ናት። ከሁሉ አብልጦ የሚፈለገው የሙሽራ ክሬም የሚሉት፣ ፊት የሚያቀላው ነው። ከየት ነው የሚመጣው ሲሉኝ ከውጭ እላለሁ፤ እውነቴን ነው፣ የምበጠብጠው ከሱቁ ውጭ ጓሮ ውስጥ ነው። በማላነበው ቋንቋ የተጻፈባቸውን ሦስት ዓይነት የክሬም ቱቦዎች ባልዲ ውስጥ እጨምቅና ግሊሰሪን አፍስሼበት በዱላ አማስለዋለሁ። ከዚያ ብልቃጥ ብልቃጡ ውስጥ እሞላዋለሁ። እህቴ አንጓች ልታገባ ጥቂት ሳምንት ሲቀራት ጉንጯ ላይ ያለው ማዲያት አሳስቧት መጣች። ከዚሁ አንድ ብልቃጥ ሰጠኋት። ያው ወንድም አይደለሁ።

እንግዲህ በሕልሜ የገዛ ሱቄ መደርደሪያ ላይ ተደርድሬ ነበር። በግራዬ የማዘጋጃ ቤቱ ዘበኛ፣ በቀኜ ፀጉር የምትሠራው ፋንታዬ ተቀምጠዋል። ሁላችንም ጀርባችን ላይ ወረቀት ተለጥፎብናል። የሚገበዩት ዕቃዎቹ ናቸው። ሻምፑዎቹ ዘንቢል ይዘዋል፤ ሽቶዎቹ ተረከዙ ረዘም ያለ ጫማ አድርገው ቋ ቋ ይላሉ። ሳሙናዎቹ ተረጋግተው ነበር የሚራመዱት፤ ሲቸኩሉ ያንሸራትታቸዋል።

አንዲት ሊፒስቲክ ልጇን ይዛ ገባችና አነሳችኝ። ልጅቱ መልኬን ወዳው መሰለኝ፣ ይህን እንግዛ እያለች እናቷን ትጎትታለች። እናትየው ግን ገልብጣ ጀርባዬን አየች። ከዚያ ክዳኗ ጥግ ላይ ትንሽ ቀባ አደረገችኝና እስከ ነገ እንደሚጠብቁ፣ ካላሳከካቸው ብቻ እንደሚወስዱኝ ለልጇ ነገረቻት። ቀባ ስታደርገኝ ግራ ጆሮዬ እዚያው ክዳኗ ላይ ቀረ።

"ውስጡ ምን እንዳለ ያልተጻፈበትን ሰው አታስጠጊ፣ የኔ እናት" አለቻት። "ቢያምርም አታስጠጊ።"

ጀርባዬ ላይ ምን ተጽፎ ነው ብዬ ጠየቅኳት። ምንም፣ ባዶ ወረቀት ነው ብላኝ ወደ ቦታዬ መለሰችኝ። ዘበኛው ተገዛ። ፋንታዬም ተገዛች፤ ስትሄድ እጇን እያወዛወዘች ተሰናበተችኝ። እኔ አቧራ ስጠጣ ቀረሁ።

ወዲያው መደርደሪያው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሆነ። የዕቃ ጥራት የሚመረመርበት ነው አሉ። ኃላፊዎቹ ፋይል ታቅፈው ፀሐይ ላይ ተሰልፈዋል፤ ባለጉዳዮቹ ውስጥ ሶፋ ላይ ተቀምጠው ሰኞ ተመለሱ ይሏቸዋል። ከትልቁ ጠረጴዛ ጀርባ ነጭ ጋውን የለበሰች ጥንቸል ነበረች። አንዱን ሥራ አስኪያጅ አገጩን ቀና አድርጋ ዓይኑ ውስጥ ጠብታ ትጨምርና ስንት ጊዜ እንደተርገበገበ ትጽፋለች። ሰውየው ክራቫቱን እንዳሰረ ያለቅሳል። እሱን ጨርሳ የኔን ብልቃጥ ከመሳቢያዋ አወጣች።

"አንተ ነህ የሠራኸው?"

"አዎ፣ እትዬ።"

"ምን ምን አለበት?"

የሙያ ምስጢር ነው ልላት ነበር፤ ግን በሕልም መዋሸት አቃተኝ። አላውቀውም አልኳት።

"በማን ላይ ሞከርከው?"

በማንም ላይ እንዳልሞከርኩት ነገርኳት። ጥንቸሏ ጆሮዎቿን ጣል አደረገች።

"መዋቢያ ሁሉ በሚሞከርብን በእኛ በጥንቸሎች ላይ እንኳ?" አለች። "እኛ ላይ እንኳ ሳትሞክር ለሰው ሰጠህ?"

አዝናልኝ ነው መሰለኝ አንድ ቅጠል ጎመን አቀረበችልኝ፤ በላሁ። ለማን እንደሰጠሁት ስትጠይቀኝ ለእህቴ አልኳት። የእህትህን ፊት ለጥሎሽ ሊሰጡት ድንኳን ውስጥ ገብተዋል፣ ተቀባዮቹ ሳይወስዱት ቶሎ ድረስ አለችኝ።

ሮጥኩ። እግሬ ወደ ኋላ ነበር የሚሮጠው፤ ለዚህ ነው ቶሎ የደረስኩት።

እኛ ዘንድ ጥሎሽ ሲመጣ ሻንጣው በሰው ፊት ይከፈታል። ሽማግሌዎቹ ቀሚሱን፣ ጫማውን፣ ሽቶውን አንድ በአንድ ከፍ አድርገው ያሳያሉ፤ የሙሽራዋ ዘመዶችም እያገላበጡ ያዩታል። እዚህም እንደዚያው ነበር። ሙሽራዋ ግን የኔ ብልቃጥ ናት። ቬሎ ለብሳ፣ ክዳኗን አቀርቅራ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። የሙሽራው ሽማግሌ የድሮ ኩል ናቸው። ጉሮሯቸውን ጠርገው ሻንጣውን ከፈቱና እንደ ነጠላ የታጠፈ ነገር አወጡ። ዘረጉት። የአንጓች ፊት ነው።

ማዲያቱ ሳይቀር ጉንጩ ላይ አለ። ዓይኖቿ ተከፍተው ድንኳኑን ይቃኛሉ። እኔን ሲያዩ ፈገግ አሉ። ሰዉ ሁሉ፣ ማለቴ ብልቃጡ ሁሉ፣ እልል አለ።

ከሙሽራዋ ወገን አክስትየዋ ተነሡ። መነጽር ያደረጉ ለጋ ቅቤ ናቸው፤ ከድንኳኑ ሙቀት የተነሣ ጠርዝ ጠርዛቸው ቀልጧል። እኔ ፀጉር የሚቀባ ቅቤ ይሸታል ብዬ ሱቄ አስገብቼ አላውቅም፤ እዚህ ግን ሲነሡ ሁሉም ተነሣላቸው። ፊቱን ተቀብለው አገላበጡት፣ አሸተቱት። ማን እንደሠራው፣ ምን እንደነካው፣ ምን ሲቀባ እንደከረመ ጠየቁ። ኩሉ ባዶውን ሻንጣ ያገላብጡ ጀመር። ከዚያ አክስትየዋ ጉንጩን በአንድ ጣት ነካ አደረጉት። ቆዳው ተላጠና ጣታቸው ላይ ቀረ።

"ይህ የተቃጠለ ፊት ነው" አሉ። "ልጃችንን ይጎዳታል። አንቀበልም።"

እንግዲያው ለኔ ስጡኝ ብዬ መሐል ገባሁ። አንተ ደግሞ ምኗ ነህ አሉኝ። ወንድሟ ነኝ አልኩ። ከዚያ አንዱ ሻምፑ ክትክት ብሎ ሳቀ፣ ሁሉም ተከተለው። ሽቶዎቹ እየሳቁ ተረጫጩ። ኩሉ ምርኩዛቸውን ጥለው መሬት ላይ ተቀመጡ። ቅቤዋ ብቻ አልሳቁም።

"እኛ ለአንዲት ብልቃጥ ይህን ሁሉ ጠየቅን" አሉኝ። "አንተ ለእህትህ ስትሰጣት ምን ጠየቅህ?"

ልመልስ አፌን ስከፍት ፊቱን አጣጥፈው እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። ትኩስ ነበር። መዳፌን ሲፈጀኝ ነቃሁ።

ነግቷል። የሱቁ በር ይንኳኳል። ከጀርባ ካለችው ክፍሌ ወጥቼ ስከፍት አንጓች ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ቆማለች። ከኋላዋ ሦስት ሚዜዎቿ ተሰልፈዋል። ገባችና ነጠላውን ገለጠችው። ጉንጯ እንደ ተቀቀለ ድንች ተልጧል፤ ከሥሩ ያለው ቀይ ሥጋ ውኃ ያዣል። አንዱ ዓይኗ አብጦ ሊዘጋ ደርሷል።

አልተቆጣችም። እንዲያውም ደስ ብሏት ነበር።

"ጋሼ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲያቃጥለኝ አደረ" አለችኝ። "ማዲያቱ አብሮ እየተላጠ ነው። እየሠራ ነው አይደል?"

ሚዜዎቹ ለሠርጉ አብረዋት ሊቀሉ አንዳንድ ብልቃጥ ፈልገው ነው የመጡት።

ያሉኝን ብልቃጦች በሙሉ በጆንያ ሰብስቤ ሽንት ቤት ከተትኳቸው። ለአንጓችም ውስጡ ምን እንዳለ እኔው ራሴ እንደማላውቅ ነግሬያት፣ እጇን ይዤ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት።

አንዲት ነገር አልጨመርኩም ብያለሁና አልደብቃችሁም። ጥንቸሏም ቅቤዋም እንዳየኋቸው ናቸው፤ ይህች ስለ ጆንያውና ስለ ጤና ጣቢያው ያልኳት ብቻ ከራሴ የፈጠርኳት ናት። አንጓችን "አዎ፣ እየሠራ ነው" ነው ያልኳት። ሚዜዎቹም አንዳንድ ብልቃጥ ይዘው ሄዱ።