ዓርብ ዓርብ የሚታመም የስፌት መኪና

የስፌት መኪና መለዋወጫ መፈለጉ በምን ይታወቃል? ስፌት ይዘላል፣ ክር ይበጥሳል፣ ሲረገጥ ይንቋቋል። ይኼን እኔ፣ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት የማልችለው ሰውዬ እንኳ አውቃለሁ። ልብስ ሰፊው ጋሽ በቀለ ግን አያውቁም። ስፌቱ ሲዘል በክሩ ያመካኛሉ፣ ክሩ ሲበጠስ በጨርቁ፣ ሱሪው ሲተረተር በደንበኛው ሆድ።

ደግሞስ በምን ይወቁ? ሱቃቸው ያለበት መኪና ግርግር ሰፈር ግራና ቀኙ ልብስ ሰፊ ነው። ሁሉም መኪና ባንድ ላይ ሲጮህ የማን እንደሚያቃስት ማን ይለያል?

አንድ ዓርብ የሠርግ ሱሪዬን ልለካ ሄድኩ። ጎረቤቶቻቸው ሁሉ ለጁምዓ ሶላት መስጊድ ሄደው መንገዱ ጭጭ ብሏል። የጋሽ በቀለ መኪና ብቻ ድንጋይ እንደሚፈጭ ወፍጮ ይንገጫገጫል።

"ጋሽ በቀለ፣ ብረቱ እኮ ተበልቷል! መለዋወጫ ይግዙለት እንጂ!" አልኳቸው።

"ይኼ መኪና ዓርብ ዓርብ ብቻ ነው የሚያመው" አሉኝ ኮስተር ብለው። "ጎረቤቶቼ ሲመለሱ ይሻለዋል።"

እውነትም ጎረቤቶቹ ከሶላት ተመልሰው መኪናቸውን መርገጥ ሲጀምሩ የእሳቸው ንቋቋታ ተዋጠ።

"አላልኩህም?" አሉኝ።

የሠርጌ ዕለት የአማቴን ጉልበት ልስም ጎንበስ ስል ሱሪዬ ከኋላ ተተረተረ። ዘፈኑ ቆሞ ነበርና ድንኳኑ ሙሉ ሰማ። ጋሽ በቀለ ከእንግዶቹ መሀል ብድግ አሉና ከበሮ መቺዎቹ ላይ ጮኹ፦

"ምን ዝም ትላላችሁ? ምቱት እንጂ!"