ጋሼ ተቻችሎ እና የተጣሉት ፕለጊኖች

አስታራቂ የሌለበት ሰፈር የለም። ውሃ ይጠፋል፣ መብራት ይጠፋል፣ አስታራቂ ግን አይጠፋም። ሁለት ሰዎች ድምፃቸውን ትንሽ ከፍ ካደረጉ ከየት መጣ ሳይባል መሃላቸው ቆሞ ይገኛል። “ኧረ አልተጣላንም፣ ስለ ኳስ እያወራን ነው” ቢሉትም ጆሮ አይሰጥም። “ግድ የለም፣ እናንተ ብቻ ተሳሳሙ” ይላል።

ለእኛ ቤተሰብ የደረሱን የአክስቴ ባል፣ ክቡር ሊቀ አስታራቂ ናቸው። ሰፈሩ የሚያውቃቸው “ጋሼ ተቻችሎ” በሚል ነው፤ “ተቻችሎ መኖር ነው!” ሳይሉ ያለፉት ጠብ ስለሌለ። ጡረታ ከመውጣታቸው በፊት ሊፍት ይጠግኑ ነበር። ሊፍት ቆሞባቸው ውስጥ የሚነታረኩ ባልና ሚስት ከተገኙ ጋሼ መፍቻቸውን መሬት ላይ አስቀምጠው፣ አፋቸውን ከበሩ ስንጥቅ አስጠግተው “መጀመሪያ ታረቁ፣ ከዚያ እከፍታለሁ” ይሉ እንደነበር የሥራ ባልደረቦቻቸው እየማሉ ይናገራሉ። አንድ ጊዜ የአክስቴን ድመት ከጎረቤት ውሻ ጋር ለማስማማት ሞክረዋል። የእርቁ መታሰቢያ እስከ ዛሬ ቀኝ እጃቸው ላይ አለ።

ይህን ሁሉ ዓለም ያስታረቁ ሰው ግን ከገዛ ወንድማቸው ጋር ሆድና ጀርባ ናቸው። ምክንያቱ መሰላል ነው። ማን ተውሶ ማን እንዳልመለሰ ዛሬ ሁለቱም በቅጡ አያስታውሱም፤ መሰላሉም በስብሶ ተጥሏል። ኩርፊያው ግን እንደ አዲስ ነው። ስለዚህ ጉዳይ ደፍሮ የሚያነሳ ካለ ጋሼ “እሱ ሌላ ነው” ብለው ወሬ ይቀይራሉ።

ጡረታ ሲወጡ የሚጣላ ሰው አነሳቸውና ብሎግ ከፈቱ። በየሰኞው ስለ እርቅ ይጽፋሉ። ሦስት ቋሚ አንባቢ አላቸው፤ አክስቴ በግድ፣ እኔ በዝምድና፣ ሦስተኛው ራሱን “አንባቢ” ብሎ የሚጠራ አንድ ጨዋታ የማያውቅ ሰው። አንባቢ አያመሰግንም፣ ሰላምታ አይሰጥም። ከጽሑፉ ሥር አንድ መስመር ጥሎ ይሄዳል፦ “‘ሰላም’ በእሳቱ ሰ ነው።” በቃ። ጋሼ በንጉሡ ሠ “ሠላም” ብለው ጽፈዋልና። በሚቀጥለው ሰኞ ያንኑ ይደግማሉ፤ እሱም ያንኑ ይደግማል። እኔ ብሆን ተናድጄ ብሎጉን እዘጋው ነበር። ጋሼ ግን ያቺን መስመር ሲያዩ “ይኸው፣ መጣ!” እያሉ አክስቴን ከጓዳ ይጠራሉ።

ችግሩ የጀመረው ፕለጊን የሚባለውን ነገር ካወቁ ወዲህ ነው። ፕለጊን ብሎግ ላይ ተሰክታ አንድ ተጨማሪ ሥራ የምትሠራ ትንሽ ፕሮግራም ናት። አንዷ ሥዕል ታሳምራለች፣ አንዷ ሌባ ትጠብቃለች። ጤነኛ ሰው የምታስፈልገውን ያህል ጭኖ ይቀመጣል። ጋሼ ግን ደጅ የቆመ እንግዳ መመለስ አያውቁም። ሰዓት የምትቆጥር፣ በረዶ የምታዘንብ፣ ስለ አየር ጠባይ የምትለፈልፍ፣ ሁሉንም አስገቡ። “ጋሼ፣ ይሄ ሁሉ ምን ይሠራል?” ስላቸው መልሱ የታወቀ ነው። “ምን ቸገረህ? ተቻችለው ይኖራሉ።”

አልኖሩም። አንድ ቀን ስልኬ ጮኸ።

“አንባቢ ጠፋ” አሉኝ። ድምፃቸው እንደታመመ ሰው ነው።

“ሥራ በዝቶበት ይሆናላ።”

“የለም፣ ተቀይሞኛል። ስንት ሰኞ አለፈ! ይቅርታ ብዬ ጽፌለት እንኳ መልስ የለም። ተስፋ ቆርጬ መጻፉንም ተውኩት።”

ሄድኩ። አስተያየቶች የሚነበቡበትን ገጽ ስከፍተው ኖራ እንደተቀባ ግድግዳ ነጭ ነው። ወዲያው ገባኝና፣ ምነው ምላሴን በቆረጠው፣ “ጋሼ፣ የተቀየመ የለም። ፕለጊኖችዎ ናቸው የተጣሉት” አልኳቸው።

ተጣሉ! ዓይናቸው በራ። ወንበር ስበው ተቀመጡ፣ ኮታቸውን ቆለፉ።

“ማንና ማን?”

“እሱን ነው የምንፈልገው። ሁሉንም አጠፋና አንድ በአንድ እየመለስኩ አያለሁ።”

“ሁሉንም? ያልበደለውንም?”

“ለጊዜው ነው ጋሼ።”

“እስረኛም እንዲህ ነው የሚባለው” አሉ ቅር ብሏቸው።

መጀመሪያ የብሎጉን ሙሉ ቅጂ አስቀመጥኩ፤ ሽምግልናው ቢከሽፍ መመለሻ እንዲኖረን። ከዚያ ሁሉንም አጠፋሁ። ነጩ ገጽ ተከፈተ። ከአንባቢ ግን ከድሮዎቹ በቀር አዲስ ነገር የለም።

“አላልኩህም? ተቀይሟል።”

አንድ በአንድ መመለስ ጀመርኩ። ሰዓት ቆጣሪዋ ገባች፣ ሰላም ነው። በረዶዋ ገባች፣ ሰላም ነው። ቆሻሻ አስተያየት የምታግድ ዘበኛ ገባች፣ ሰላም ነው። ቀጥላ ሌላ ዘበኛ ገባች፤ ገጹ ነጭ ሆነ።

“አገኘናቸው! ለአንድ በር ሁለት ዘበኛ ቀጥረዋል። አንዷ ትውጣ።”

“ቆይ፣ ቆይ። ሳታናግራቸው ትፈርዳለህ? ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ! አንድ ሦስተኛ እናስገባና መሃል ትግባ።”

“ጋሼ፣ ሦስተኛ ዘበኛ?”

“ዘበኛ አላልኩም። አስታራቂ።”

አክስቴ ከጓዳ “አንተ ሰው፣ ብረቱንም ልታስታርቅ ነው?” ስትል ብቻ እጃቸውን አነሱ። ሁለተኛዋን ዘበኛ አሰናበትኩ። ጋሼ ስትጠፋ እያዩ “መጥፎ ልጅ አልነበረችም” አሉ።

የቀረችው ዘበኛ አላምር ያላትን አስተያየት የምታጉርበት ሳጥን እንዳላት ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። ከፈትኩት። አንባቢ እዚያ ታስሮ ኖሯል። ያው ቃል በየሰኞው ስለተደጋገመ ቆሻሻ መስሏታል፤ ማን ይፈርድባታል?

“‘ሰላም’ በእሳቱ ሰ ነው።”

“‘ሰላም’ በእሳቱ ሰ ነው አልኩ።”

“አስተያየቴ ለምን አይወጣም?”

የመጨረሻው እንዲህ ይላል፦ “አሞሃል እንዴ? ደህና ከሆንክ አንድ ነገር ጻፍ።”

ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። ከዚያ የቁልፍ ሰሌዳውን ወደ ራሳቸው ስበው፣ ሰኞንም ሳይጠብቁ፣ በሁለት ጣት አዲስ ጽሑፍ ጀመሩ። ርእሱ በትልቁ “ሠላም ነኝ” ይላል።

“ጋሼ፣ ይኸው ደግሞ በንጉሡ ሠ ጻፉት!”

“አውቃለሁ።”

“እንግዲያው የፊደል ስህተት የምታርም አንዲት ፕለጊን ልጫንልዎት። ቀላል ናት፣ ማንንም አትነካም።”

ሰው መመለስ የማያውቁት፣ በረዶ ሳይቀር ያስገቡት ሊቀ አስታራቂ እጄን ከኮምፒውተሩ ማውስ ላይ ቀስ አድርገው አነሱት።

“እሷ አትገባም።”

“ለምን? ተቻችላ አትኖርም?”

“አትኖርም” አሉ፣ ዓይናቸውን ከጽሑፉ ሳያነሱ። “ከወንድሜ ጋር ትጣላለች።”